ስለ ቤት አያያዝ፤ በግፊት የሚያዘው ሽቦ ይታመናልን?



ቤትን ቤት ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ማታ የሚበራው መብራት ነው። አባት ከሥራ ሲመለስ፥ ልጆች ደብተራቸውን ሲዘረጉ፥ እናት ራት ስታቀርብ፥ ሁሉም የሚሰበሰበው በአንድ መብራት ሥር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ መብራት በላይ፥ ከኮርኒሱ ውስጥ፥ ሽቦ ከሽቦ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። መብራቱ ከበራ ሥራው ተፈጽሟል ብለን እናልፈዋለን። እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርን። በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ልንጽፍ የተነሣነው ዕውቀት ተርፎን አይደለም፤ ባለማወቃችን ምክንያት ቤታችንን ለእሳት አሳልፈን ልንሰጥ ጥቂት ስለ ቀረን፥ አንድን ወጣት ሠራተኛም በአደባባይ ስለ በደልን ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በዓል በኋላ፥ የሳሎናችንን፥ የመተላለፊያውንና የልጆቹን ክፍል የቆዩ መብራቶች አውርዶ አዲስ ጠፍጣፋ የኤል ኢ ዲ መብራት እንዲሰቅልልን አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ከዋጋው ግማሹን በቅድሚያ ሰጠነው፤ የቀረውን ግማሽ ሥራው ከተፈተነ በኋላ ልንከፍለው ተስማማን። ወጣቱ መሰላሉን አቁሞ ሲሠራ ከሥር ቆመን እንመለከት ነበር። በቀድሞው ጊዜ እንዳየናቸው ባለሙያዎች ሽቦውን በብሎን አላጠበቀም። ጫፉን ልጦ፥ ከመብራቱ ጀርባ በተበጀች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ገፋ አድርጎ ከተተውና ወደሚቀጥለው ተሻገረ። «ብሎኑስ የት አለ?» ብንለው፥ «ጋሼ፥ ይህ ብሎን የለውም፤ ውስጡ ያለው ሞላ ራሱ ነክሶ ይይዘዋል» ሲል መለሰልን። ልባችን ግን አላረፈም። በብሎን ያልጠበቀ፥ በናስትሮ ያልተጠቀለለ ነገር እንዴት ይታመናል ስንል ከባለቤታችን ጋር በጆሮ ተነጋገርን።

ወጣቱ ከሳሎኑ ኮርኒስ በላይ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ባየ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ይህንንም ባድሰው መልካም ነበር፤ እዚህ ያሉት ሽቦዎች በእጅ ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ ናቸው» ብሎን ነበር። እኛ ግን ተጨማሪ ወጪ ፈርተን፥ «እርሱ ስንት ዓመት ሲሠራ የኖረ ነው፤ አትንካው» አልነው። ይህችን ቃላችንን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ ራሳችንን የከሰሰችን እርስዋ ናትና።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሳሎኑ መብራት ይርገበገብ ጀመር። ይልቁንም ማታ ማታ፥ በማድ ቤት ራት በሚሠራበት ሰዓት፥ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። መጀመሪያ የመንደሩ መብራት ነው አልን፤ ቀጥሎም የመብራቱ ዕቃ ርካሽ ስለሆነ ነው አልን። አንድ ምሽት ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀና ብለን ብናይ፥ ከመብራቱ አጠገብ በነጩ ኮርኒስ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ ጥላ ተስሎበታል። ከጥላው ሥር በተነጠፈው አልጋ ላይ እናታችን ተኝተው ነበር፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፥ ያለ ሰው እርዳታ የማይነሡ እናት። ሮጠን ብሬከሩን አጠፋን፤ እናታችንን ደግፈን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድናቸው፤ ያችንም ሌሊት በሻማ ነጋልን።

በማግሥቱ ወጣቱ የቀረውን ዋጋ ሊቀበል መጣ። በቁጣ ተቀበልነው። ጎረቤቶቻችን እየሰሙ፥ «ያ ብሎን የሌለው ሥራህ እናታችንን ከነቤታችን ሊያቃጥል ነበር፤ የቀረውን ገንዘብ ከእኛ አትጠብቅ» አልነው። «ጋሼ፥ እባክዎ ከፍቼ ልየው» ቢል አልፈቀድንለትም። ምንም ሳይመልስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኛም ለቤተ ሰባችን የተቆረቆርን መስሎን፥ ያን ቀን በልበ ሙሉነት ዋልን።

ከሁለት ቀን በኋላ፥ በሰፈራችን የሚኖሩትን፥ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ የፈጸሙትን አንድ አረጋዊ ባለሙያ ለምነን አመጣናቸው። የልባችንን ሐሳብ እንዲያጸኑልን ፈልገን፥ «አባባ፥ ይህ የዛሬው የግፊት ማያያዣ የሚሉት ነገር የማይረባ አይደለምን?» ብለን ጠየቅናቸው። አረጋዊው ግን፥ «ልጄ፥ ከመፍረድ በፊት መክፈት ይቀድማል» አሉን። ብሬከሩን አጠፉ፤ በቴስተራቸው ሽቦው ኃይል የሌለው መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ፤ ከዚያም መብራቱን አወረዱ።

በመጀመሪያ ያዩት እኛ የረገምነውን የግፊት ማያያዣ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ አድርገው ፈተኑ፤ አልነቀነቁም። መክፈቻውን ተጭነው አንዱን አወጡና ጫፉን አሳዩን፤ መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። ከዚያ በኋላ «አትንካው» ያልነውን ሳጥን ከፈቱ። ናስትሮው ደርቆ ከስሏል፤ ሥሩ ያሉት ሦስት ሽቦዎች ጠቁረዋል፤ የሸፈናቸው ፕላስቲክም ቀልጦ ተንጠባጥቧል። ሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ከብሬከሩ የሚመጣው፥ ሁለተኛው ወደ መብራቱ የሚወርደው፥ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ማድ ቤቱ ሶኬት የሚያልፈው ኒውትራል ናቸው። አረጋዊው ዘወር ብለው፥ «በማድ ቤታችሁ ሶኬት ላይ ምን ተሰክቷል?» ሲሉ ጠየቁን። ለትንሣኤ በዓል አዲስ የገዛነው ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ መሆኑን ስንነግራቸው፥ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉንም።

እንግዲህ አረጋዊው ያስረዱንን በአጭሩ ለአንባብያን እናቅርብ። ሁለት ሽቦዎች በደንብ ሳይነካኩ ሲቀሩ፥ በመገናኛቸው ላይ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያጠብ እንቅፋት ይፈጠራል። ኤሌክትሪክ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ያን ሥፍራ ያግለዋል። ሙቀቱ መዳቡን ያዝገዋል፤ ዝገቱ መንገዱን አብዝቶ ያጠበዋል፤ መንገዱ ሲጠብ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል። የሙቀቱ ልክ የሚወሰነው በሚያልፈው ኃይል ብዛት ነው፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

በሀገራችን በቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። በዚህ ልክ አንድ ባለ 10 ዋት የኤል ኢ ዲ መብራት የሚስበው 0.05 አምፔር እንኳ አይሞላም። ባለ 2000 ዋት ምድጃ ግን 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይኸውም የመብራቱን 200 እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ በአንዱ ደካማ መገጣጠሚያ ላይ ምድጃው የሚያመጣው ሙቀት፥ መብራቱ ከሚያመጣው 40,000 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። እንቅፋቱ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሆን፥ በምድጃው ኃይል ከባቄላ በማትበልጥ ሥፍራ ላይ 8 ዋት ያህል ሙቀት ይከማቻል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ሳይጎዳ ዘወትር ሊሸከም የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነውና፥ ይህን ለብዙ ቀን አይችልም። የቆየው መገጣጠሚያችን ለብዙ ዓመት ሳይናገር የኖረው ጠንካራ ስለ ነበረ አይደለም፤ የሚያልፍበት ኃይል ጥቂት ስለ ነበረ ነው እንጂ።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልጠፋም?» ብለን ጠየቅን። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው እንደሚጠይቀው እናምናለን። ብሬከር የሚጠፋው ሽቦው ከተፈቀደለት በላይ ኃይል ሲሸከም፥ ወይም ሁለቱ መስመሮች በቀጥታ ሲነካኩ ነው። የላላ መገጣጠሚያ ግን ኃይሉን አያበዛም፤ እንዲያውም ጥቂት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ብሬከሩ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ዝም ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ጠባቂው የቤቱ ሰው ዓይን፥ ጆሮና አፍንጫ ነው። መብራት ሲርገበገብ፥ ማብሪያው ወይም ሶኬቱ ሲሞቅ፥ የጢስጢስታ ድምፅ ሲሰማ፥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት፥ ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ሲበልዝ፥ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው።

አረጋዊው ሥራቸውን በዚህ አላቆሙም። «ከመጣሁ አይቀር የቀሩትንም ልይ» ብለው የልጆቹን ክፍል ከፈቱ፤ ደኅና ሆኖ ተገኘ። የመተላለፊያውን መብራት ሲያወርዱ ግን አንደኛው ሽቦ በሁለት ጣት ሲነካ ከቀዳዳው ወጣ። ይህ ሽቦ እንደ ሌሎቹ አንድ ወጥ ጠጣር መዳብ ሳይሆን፥ እንደ ፀጉር ከቀጠኑ ብዙ ክሮች የተሠራ ነበር። መስመሩ ስላጠረ ወጣቱ በዚህ ቀጥሎት ኖሯል። ክሮቹ ተገፍተው ሲገቡ ግማሾቹ ታጥፈው ከቀዳዳው ውጭ ቀርተዋል፤ የገቡትንም ሞላው በወጉ አልነከሳቸውም። አረጋዊው ያን እያሳዩን እንዲህ አሉ፤ «ይህ ግን የልጁ ጥፋት ነው። ልጄ፥ አንተ ባልበደለው ነገር ከሰስኸው፤ የበደለውን ግን አላየህበትም።»

ይህ ቃል ከተቃጠለው ሽቦ ይልቅ አሳፈረን። ወጣቱን በዚያኑ ዕለት በስልክ ጠርተን፥ በቁጣችን ጊዜ በነበሩት በነዚያው ጎረቤቶቻችን ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ የያዝንበትንም ዋጋ ሰጠነው። እርሱም የመተላለፊያውን ሽቦ ባየ ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ይህ የእኔ ስሕተት ነው፤ ቸኩዬ ነው» ብሎ ሳይከራከር አመነ። አረጋዊው ከሥር ሆነው እየመከሩት፥ በሳጥኑ ውስጥ የከሰሉትን ሽቦዎች ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ በአዲስ ማያያዣ አያያዛቸው፤ ለማድ ቤቱም ሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ለብቻው ዘረጋለት። ከዚያ ወዲህ መብራታችን አልተርገበገበም።

አሁን ወደ አርእስታችን ጥያቄ እንመለስ፤ በግፊት የሚያዘው ሽቦ ይታመናልን? መልሱ፥ በሥፍራውና በወጉ ከሆነ ይታመናል፤ ያለ ሥፍራውና ያለ ወጉ ከሆነ አይታመንም የሚል ነው። ሽቦን በሞላ የመያዝ ጥበብ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በጀርመን ሀገር ሚንደን በምትባል ከተማ ዋጎ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ ጥበብ ላይ ነው። የሞላ ብልጫው ይህ ነው፤ መዳብ ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲበርድ ይጠባል፤ በብሎን ሥር የተጨመቀ መዳብም በጊዜ ብዛት ጥቂት ጥቂት እየተሰለበ ይሄዳል። ብሎን ራሱን አያጠብቅምና አንድ ቀን ይላላል። ሞላ ግን ሽቦው ሲሰፋ ሰፍቶ፥ ሲጠብ ተከትሎ ዘወትር ይገፋዋል። በአንጻሩ ጉድለትም አለው። ሞላው መዳቡን የሚነካው በጠባብ ሥፍራ ስለሆነ፥ ከልክ ያለፈ ሙቀት ካገኘው ጉልበቱ ይደክማል፤ ከደከመም በኋላ በካቻቪቴ የሚጠብቅ ነገር የለውም፤ መለወጥ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ አንባብያን ይህን ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። በዚያ ሀገር በብዙ ቤቶች ከሶኬቶች ጀርባ ሽቦ ተገፍቶ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ዛሬ በሚሠሩት ተራ ሶኬቶች ላይ ያሉት እነዚህ ቀዳዳዎች ቁጥር 14 የሚባለውን ጠጣር የመዳብ ሽቦ ብቻ እንዲቀበሉ ተደርገዋል፤ ከዚያ የወፈረው በጎን ባለው ብሎን ይታሰራል። ብዙ ባለሙያዎችም ማሞቂያና ምድጃ ለሚሰካበት ሶኬት ብሎኑን ይመርጣሉ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 ዓ.ም. ገደማ ከተሠሩት የዚያ ሀገር ቤቶች ብዙዎቹ ሽቦአቸው አሉሚንየም ነው፤ አሉሚንየም ደግሞ ለመዳብ በተሠራ ማያያዣ ውስጥ መግባት የለበትም። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ባለሙያ ሳያማክር ምንም ባይነካ ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ምክር እንደሚከተለው ሰብስበናል።

አንደኛ፤ ተራው የግፊት ማያያዣ የተሠራው ለጠጣር የመዳብ ሽቦ ነው። ብዙ ክር ያለው ሽቦ ከሆነ፥ ወይ በጫፉ ላይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ የብረት ቱቦ ተጨምቃበት ትግባ፤ ወይም ለሁለቱም ዓይነት ሽቦ የተሠራውና ክንፉ ተነሥቶ የሚዘጋው ማያያዣ ይግባለት።

ሁለተኛ፤ የሽቦው ጫፍ የሚላጠው በግምት አይደለም። ልኩ በማያያዣው ገላ ላይ ተጽፎ ወይም ተሥሎ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ከ9 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አጥሮ ከተላጠ ሞላው የሚነክሰው ፕላስቲኩን ይሆናል፤ ረዝሞ ከተላጠ ደግሞ የተራቆተው መዳብ ከውጭ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ጠንከር ተደርጎ ይሳብ። ይህ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚፈጀውም ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። የመተላለፊያችን ሽቦ በዚህ ፈተና አያልፍም ነበር።

አራተኛ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ሽቦ በሞላው የተጫረውን ጫፉን ይዞ ተመልሶ አይግባ፤ ተቆርጦ እንደገና ይላጥ።

አምስተኛ፤ በመብራቱ ማያያዣ በኩል የሌላ ክፍል ኃይል እንዳያልፍ ይጠየቅ። መብራቱ የራሱን ጥቂት ኃይል ብቻ ሲሸከም ማያያዣው ለብዙ ዓመት ይኖራል። ምድጃ፥ የውኃ ማሞቂያና ካውያ ያለባቸው ሶኬቶች ግን የራሳቸው መስመርና ብሬከር ይኑራቸው። በዝግ ሽፋን ውስጥ ያለ መብራት ደግሞ በላዩ ከተጻፈው ዋት የሚበልጥ አምፖል አይግባበት።

ስድስተኛ፤ በእጅ ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ይታደስ። ናስትሮ ይደርቃል፥ ይላቀቃል፤ የተጠማዘዘውም ሽቦ ይላላል። «ስንት ዓመት የኖረ ነው» ማለት ማስረጃ አይደለም።

ሰባተኛ፤ መብራት ከመነካቱ በፊት የሚጠፋው ማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን ብሬከሩ ነው። ማብሪያው የሚቆርጠው አንዱን መስመር ብቻ ነው፤ የቀድሞው ሠራተኛ ተሳስቶ ኒውትራሉን በማብሪያው በኩል አሳልፎት ከሆነ፥ የጠፋ የመሰለው መብራት ሰው ሊገድል ይችላል። ከሥራውም በፊት በቴስተር ማረጋገጥ የባለሙያ ፈንታ ነው፤ ያልተማረ ሰው ከፍቶ አይሞክር።

የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ቤታችንን እንጠርጋለን፥ ግድግዳውን እንቀባለን፥ መጋረጃውን እናጥባለን። በዚያን ጊዜ አንድ የታመነ ባለሙያ ጠርቶ የኮርኒሱን ሳጥኖች አስከፍቶ ማየት ከቀለሙ ወጪ የማይበልጥ ነገር ነው። ሠራተኛው ሲመክረንም፥ ገንዘባችንን ሊያስወጣን ነው ብለን ከመጠርጠር በፊት የሚያሳየንን ነገር በዓይናችን እንይ።

እናታችን ዛሬም በዚያው ክፍል፥ በዚያው መብራት ሥር ይተኛሉ። ወጣቱ ሠራተኛ በሰፈራችን ሲያልፍ ጎራ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም ይመርቁታል። የያዝንበትን ዋጋ ብንመልስለትም፥ በጎረቤት ፊት አንገቱን ደፍቶ የሄደበትን ያን ጠዋት ልንመልስለት አልቻልንም። ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ መብራት ሲርገበገብ ብሬከሩን ለማጥፋት ፍጠኑ፤ በሰው ላይ ለመፍረድ ግን አትፍጠኑ፤ መጀመሪያ ሳጥኑን አስከፍቱ።